የቢቸናው የጡት ልጅ

ሊይዙኝ ሲመጡ ሰሌዳው ላይ የክፍልፋይ ሒሳብ እየጻፍሁ ነበር። ሁለቱ ፖሊሶች ትምህርቱ እስኪያልቅ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ፤ የአንደኛው ልጅ እኔ ዘንድ ይማር ስለነበር ይመስለኛል። ደወሉ ሲደወል ጠመኔውን አስቀምጬ፣ እጄን አራግፌ፣ አብሬያቸው ሄድሁ። ጥፋቴ የታወቀ ነው። የቢቸና አካባቢ ገበሬዎች መሬታቸው በቀላድ፣ በዚያ በመለኪያ ገመድ፣ እንዳይለካባቸው ለበላይ አካል ያቀረቡትን አቤቱታ የጻፍሁት እኔ ነኝ። የእጅ ጽሑፌ በየቢሮው ሲመሰገን ስለኖረ ጸሐፊውን ለማወቅ ብዙ አልተቸገሩም።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከጣሪያው ሥር ራስ የማታሳልፍ አንዲት መስኮት። ወለሉ ላይ ሣር ተጎዝጉዟል። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆሜ ሳለሁ ከጥጉ አንድ ድምፅ፣ «ጫማህን አውልቅ እንጂ፤ ሰው የሚተኛበት እኮ ነው» አለኝ። ጥርት ያለ የጎጃም አማርኛ ነው። ተናጋሪው ዓረብ መሆኑን ያየሁት ጫማዬን ካወለቅሁ በኋላ ነው።

ዕድሜው ወደ አርባ አምስት ይሆናል። ቀጭን ነው፤ ጢሙ እንዳሻው አድጎ ፊቱን ሸፍኖታል፤ ኮሌታው ሥር ክር ያለው መርፌ ሁልጊዜ እንደተሰካ ነው። ሞጣ ከተማ ልብስ ሰፊ ነበር። በወጣትነቱ ከየመን መጥቶ ሞጣ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሯል፤ እዚያው አግብቶ የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለችው። ከሁለታችን እንግዳው እኔ ነበርሁ። ከወሎ ተመድቤ ከመጣሁ ገና ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ አነጋገሬንም እየሳቀ ያርመኝ ነበር።

«ለምን አሰሩህ?» አልሁት በመጀመሪያው ቀን።

«አላሰሩኝም» አለኝ። «እየጠበቅሁ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የውጭ አገር ሰዎች ወረቀት ይመርመር የሚል ትእዛዝ ወረደ። የእሱ የመኖሪያ ፈቃድ ከብዙ ዓመት በፊት ያለፈበት ሆኖ ተገኘ። ሞጣ ላይ የሚያድስለት ቢሮ አልነበረም፤ አምጣ ብሎ የጠየቀውም ሰው አልነበረም። ከአገር ይውጣ ተባለ። ወዴት እንደሚወጣ ግን አልታወቀም። እሱ ሲመጣ አገሩ ንጉሥ ነበራት፤ አሁን ንጉሡ የሉም ይባላል፤ የትኛው መንግሥት እንደሚቀበለው እስኪጣራ ቢቸና ይቆይ ተባለና ቆየ። እኔ ስገባ ስድስተኛ ወሩን ይዟል።

እኔ ክስ ነበረኝ። ቀጠሮ ነበረኝ፤ ዳኛ ፊት ቆሜ እከራከር ነበር። አብሮን የታሰረ አንድ የፍየል ሌባ እንኳ የሚፈታበትን ቀን ያውቃል። ዓረቡ ግን የሚከሰው ስለሌለ የሚፈርድለትም አልነበረም። እኔ በዚህ ነገር እንደ እብድ እበሳጭ ነበር፤ እሱ ግን የሁላችንንም ቀዳዳ ልብስ ሲጠግን ይውላል።

እሱን የሚያንገበግበው ሌላ ነው። እኔ ከመግባቴ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ሚስቱ ልጅቱን ይዛ ከሞጣ ሦስት ቀን በእግሯ ተጉዛ መጥታ ነበር። በሩ ላይ ምኑ ነሽ አሏት፤ ሚስቱ ነኝ አለች። የጋብቻ ወረቀት አምጪ አሏት። እነሱን ሼሁ ሲያጋቧቸው ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም። እስረኛ የሚጠይቅ ዘመድ ብቻ ነው፣ ያልተረጋገጠ ዘመድ ደግሞ ዘመድ አይደለም ብለው ከነልጇ መለሷት። እሱ ይህን ሁሉ ከመስኮቷ ሥር ቆሞ ሰምቷል።

«ልጅቷ አልተናገረችም» አለኝ። «መኖሯን ያወቅሁት እናቷ ‹ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ አትጎትቺኝ› ስትላት ነው።»

ከዚያ ወዲያ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። እንደማይለቁት ገብቶታል። መኪናው መጥቶ ሳይወስደው ልጁን በዓይኑ ማየት ነው የሚፈልገው፤ አንድ ጊዜ።

ሁለት ማመልከቻ ጻፍሁለት። የሰው ልጅ ያለ ፍርድ መያዝ እንደሌለበት፣ አባት ልጁን የማየት መብት እንዳለው፣ አንቀጽ እየጠቀስሁ፣ በዚያ በሚመሰገነው ጽሕፈቴ። ጣቢያውን የሚያዘው መቶ አለቃ ሁለቱንም መለሳቸው። ሁለተኛው ላይ በቀይ ቀለም «ስለ ራስህ ጻፍ» ብሎበታል።

ሽማግሌውን እዚህ ላይ ላስተዋውቃችሁ። ከቢቸና ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ሰባ አልፏቸዋል፤ ቀላድ ጣዮቹን በዱላ ከማሳቸው አባረው ነው የታሰሩት። ከዓረቡ ጋር ሲነታረኩ ይውላሉ። በርኖሴን አጠበብህብኝ ይሉታል፤ እርስዎ ወፍረው ነው ይላቸዋል። እሱ ሲሰግድ ግን በፊቱ ሊያልፍ የሚል እስረኛ ካለ እንዲዞር በምርኩዛቸው እግሩን ይነኩታል። ወቅቱ ሁዳዴ ነበርና ስምንታችንም የምንበላው ሽሮና ቆሎ ነው፤ ማን አረደው የሚባል ጣጣ ስለሌለ ከአንድ ሳህን እንበላለን። «ይህ ጾም ባይኖር ከአንተ ጋር ገበታ እንለያይ ነበር» ይሉታል፣ ጾሙ ለእሱ ሲባል የታወጀ ይመስል።

መቶ አለቃው ሁለተኛውን ማመልከቻ የመለሰ ቀን፣ «እንግዲህ የጎደለው ወረቀት ነው፤ ወረቀት ቢኖረው ልጁን ያያት ነበር» አልሁ።

«ወረቀት አይደለም» አሉ ሽማግሌው። «ዘመድ ነው የጎደለው። አንተ ሰውዬ፣ በዚህ አገር ዘመድ የለህም?»

«ማን ይኖረኛል አባቴ?»

ቆሏቸውን አኝከው እስኪጨርሱ ጠበቅን።

«እንግዲያውስ እኔ አጠባሃለሁ» አሉት።

የጡት ልጅ ማለታቸው ነው። ሰው በሰው ፊት አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ካጠባ፣ የጠባው ምንም ትልቅ ሰው ቢሆን ልጁ ነው፤ ከሥጋ ልጆቹ አይለይም። እኔ ሲወራ እሰማ ነበር እንጂ ሲደረግ አይቼ አላውቅም። ዓረቡ ግን ሞጣ ላይ አይቷል። መርፌውን ኮሌታው ሥር ሰክቶ አቀረቀረ።

«አባት አለኝ» አለ። «ሞቷል፤ ግን አባቴ ነው። በእኛ ሃይማኖት ሰው በሌላ አባት ስም አይጠራም።»

«ማን ስምህን ለውጥ አለህ? ጡት ነው ያልሁህ።»

ጥቂት አሰበ። «ጡትማ በእኛም አለ። ከአንድ ጡት የጠቡ ይዛመዳሉ። ግን የሚጠባው ሕፃን መሆን አለበት። ከሁለት ዓመት በታች።»

«አንተ ስንት ነህ?»

«አርባ አምስት።»

«ትንሽ ዘግይተሃል» አሉ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ከሳቀ በኋላ ግን እንቢ ማለት የቻለ አይመስለኝም።

የቀረው ማሩ ነው። ስንቅ የሚያመጣላቸው ትልቁ ልጃቸው ነበር፤ በየቅዳሜው፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ከአባቱ የባሰ ቁጡ። የጡት ልጅ ማለት ርስት ተካፋይ ማለት ስለሆነ ነገሩን አስቀድሞ ቢሰማ ማር ቀርቶ ቆሎም እንደማያመጣ ሽማግሌው ያውቃሉ። ስለዚህ ቅዳሜ ልጃቸው ሲመጣ ሳል ያዛቸው። እንዲያ ያለ ሳል ሰምቼ አላውቅም። እኔም ከጎናቸው ሆኜ ጀርባቸውን እመታ ነበር፤ መምህር ሆኜ ያን ማድረጌ ዛሬም ያሳፍረኛል። «ማር ቢገኝ ይለቀኝ ነበር» አሉት፣ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው። ልጁ ደንግጦ ሄደ። በሳምንቱ ማሩ በትንሽ ቅል መጣ።

ምስክሩ እስረኛ እንዳይሆን ብዬ የተከራከርሁት እኔ ነኝ። በር የሚጠብቀው ፖሊስ የዚያው አገር ሰው ነበር፤ ስንጠራው የሆነ ነገር ልንጠይቀው መስሎት ተነጫነጨ። ነገሩን ሲሰማ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቆቡን አወለቀ። ጠዋት ነው። የጾሙ መፍቻ ሰዓት ገና ነው ብዬ ሽማግሌውን ብቀልድባቸው፣ «የምጠባው እኔ ነኝ እንዴ?» አሉኝ።

ዓረቡ ሣሩ ላይ ተንበረከከ። ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን ቅሉ ውስጥ ነክረው አወጡት፤ ጥፍሩ የተሰነጠቀ፣ የማረሻ እርፍ ያደነደነው ጣት ነው። «ልጄ ነህ» አሉ። «ከልጆቼ አትለይም። ብከዳህ እግዜር ይክዳኝ።» እሱም ጠባ። ልስቅ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልሳቅሁም። ያ ጎልማሳ ዓይኑን ጨፍኖ ያንን ጣት ሲጠባ እናቴን አስታወሰኝ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሲጨርስ «አባቴ ነዎት» ሊል ፈለገ፤ ማሩ አፉን ስለያዘው ሁለት ጊዜ ነው የጀመረው።

ውሉን ጻፍሁ። ሽማግሌው ለመፈረም ያንኑ አውራ ጣት ስለተጠቀሙ ወረቀቱ ዝንብ አላጣም። ዓረቡ በዓረብኛ ፈረመ፤ በር ጠባቂውም ስሙን ከነማዕረጉ አሰፈረ።

መቶ አለቃው አንብቦ እስኪጨርስ ከንፈሩን ነክሶ ቆየና ሳቁ አመለጠው። «የውጭ አገር ሰው በማር ኢትዮጵያዊ አይሆንም» አለ። «እንዲህ ያለ ነገር በመመሪያ የለም።» ወረቀቱን ጣለው ብሎ ለበር ጠባቂው ሰጠው። ወደ ክፍላችን ስመለስ ዓረቡን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ሽማግሌው ግን ምንም አልመሰላቸውም። «እሱ አያውቅም ማለት አልተደረገም ማለት ነው?» አሉ።

ቅዳሜ ልጃቸው መጣ። የክፍላችን በር ላይ ቆሞ ሳሉ እንዴት እንደሆነ ጠየቃቸው።

«ለቀቀኝ። ወንድም ተወልዶልሃል።»

ነገሩ እስኪገባው ጊዜ ወሰደ። ሲገባው ፊቱ ጠቆረ። «መሬታችን አይለካም ብለው ታስረው፣ እርስዎ ራስዎ ለዓረብ ሊቆርሱለት?»

«እኔ መሬት አልፈልግም ወንድሜ» አለ ዓረቡ ከጥጉ።

ሽማግሌው ወደ እሱ ዞረው ተቆጡ። «ዝም በል አንተ። ድርሻ የሌለው ልጅ ምኑ ልጅ ነው?»

«እከስዎታለሁ» አለ ልጁ።

«ክሰስ። አድራሻዬ አይጠፋህም።»

ስንቁን መሬት ላይ አስቀምጦ ሄደ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። ከዚያም በኋላ ባለው አልመጣም። ሽማግሌው አፋቸውን ሞልተው አያነሱትም፤ ግን ቅዳሜ ጠዋት በሩ በተንኳኳ ቁጥር ምርኩዛቸውን ያነሳሉ። ከእኔ ቆሎ እየዘገኑ የእኛ ቤት ቆሎ እንዲህ አያርም ይሉኛል። ዓረቡ አንድ ቀን በጆሮዬ፣ «ልጃቸውን አሳጣኋቸው» አለኝ። ልጅህንስ ብዬ ልመልስለት ነበር፤ ተውሁት። መኪናው ሐሙስ እንደሚመጣ ተነግሮት ነበርና።

ሐሙስ ጠዋት እንደ ወትሮው ግቢ ውስጥ ፀሐይ ልንሞቅ አወጡን። መኪናው ቆሟል፤ የጭነት መኪና ነው። ዓረቡ ፊቱን ታጥቦ፣ ያለችውን አንዲት ሸሚዝ ቁልፏን አጥብቆ፣ ትንሽ ጥቅሉን ታቅፎ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል። ሽማግሌው ከጎኑ ናቸው። ሦስታችንም ስለ ዝናብ እናወራ ነበር።

ከግቢው በር የጠባቂው ድምፅ ተሰማ፤ ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ ያለ ነው።

«ምኑ ነህ?»

«ወንድሙ ነኝ።»

«ልጅቷስ?»

«የወንድሜ ልጅ ናት።»

«ዘመድ ነው» አለ ጠባቂው፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ፤ በሩንም ከፈተው።

የሽማግሌው ልጅ ነው። እስከ ጉልበቱ አቧራ ለብሷል፤ በአንድ እጁ በቅሎ ይስባል፤ ጋቢውን አንዲት ትንሽ ልጅ ይዛለች። ነገሩን በኋላ ነው የሰማነው። በር ጠባቂው ገበያ ላይ አግኝቶት፣ «ወንድምህን በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ሊወስዱት ነው» አለውና ያንን ጣለው የተባለውን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ሦስት ቀን ሄዶ ሞጣ ደረሰ። እናቲቱ ካለፈው መንገድ በኋላ እግሯ አብጦ አልጋ ይዛለች፤ የማታውቀውን ሰው እንዴት ታምነው? ወረቀቱን አሳያት። ማንበብ አትችልም፤ ግን ባሏ የደንበኞቹን ጨርቅ ምልክት የሚያደርግበትን የዓረብኛ ጽሕፈት ታውቀዋለች። ልጇን አለባብሳ በቅሎው ላይ አስቀመጠችለት። ሦስት ቀን ደግሞ መልስ።

መቶ አለቃው ከቢሮው ወጣ። «ማን ፈቀደ?»

«ዘመድ ነው ጌታዬ» አለ በር ጠባቂው። «ሲዛመዱ ቆሜ አይቻለሁ።»

መቶ አለቃው እሱን አየ፤ ሽማግሌውን አየ፤ ልጅቱን አየ። «መኪናው ነዳጅ እስኪቀዳ» አለና ተመልሶ ገባ።

ዓረቡ ከተቀመጠበት ተነስቶ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ቁጭ ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋ። ልጅቱ አልሮጠችም። ስምንት ወር ሊሞላ ነው፤ ያንን ጢም አታውቀውም። ከአጎቷ እግር ኋላ ገብታ ጋቢውን በሁለት እጇ ጨበጠች። «አባትሽ እኮ ነው» አላት አጎቷ፤ ይበልጥ ተሸሸገች። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው መለስሁ።

ዞሬ ሳይ ፈገግ ብሏል። እንደተቀመጠ በዝግታ ቀረባት እንጂ አልነካትም። የቀሚሷ ጠርዝ በመንገድ ተተርትሮ ኖሯል። ከኮሌታው ሥር መርፌውን አውጥቶ ይሰፋላት ጀመር። አይቸኩልም፤ ደንበኛ እንደሚጠብቅ ሰፊ አንገቱን ዘንበል አድርጎ። ልጅቱ ፊቱን ትታ እጁን ታይ ነበር። ክሩን በጥርሱ ሲበጥሰው አንድ ነገር አለችው፤ ከቆምሁበት አልተሰማኝም። ጋቢውን ግን በአንድ እጇ እንደያዘች ናት።

መኪናው ጥሩምባውን ነፋ። ተነሳና የሽማግሌውን ልጅ በትከሻው ሳመው። «ጋቢውን አታስለቅቃት» አለው። «እንደያዘችህ ይዘሃት ሂድ።» ከዚያ መጥቶ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመ። እሳቸውም እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው፣ «በል ልጄ፣ መንገዱን ያቅናልህ» አሉት። በር ጠባቂው ሊያስርበት የያዘውን ገመድ ወዲያ ጥሎ፣ «መኪናው ላይ ይታሰራል» አለ። መኪናው ወደ ደጀን እስኪታጠፍ ድረስ ግን ያሰረው የለም፤ ጠርዙን ይዞ ቆሞ እያየን ሄደ።

ሽማግሌው ከጠዋቱ ቦታቸው አልተነሱም። ልጃቸው ከጎናቸው ተቀመጠ፤ ልጅቷም ከእሱ ጎን።

«ሳልዎት እንዴት ነው?» አለ ልጁ በመጨረሻ።

«ደህና ነኝ» አሉ። «አንተ ግን ከስተሃል።»

እኔ ከዓመት በታች ታስሬ ተፈታሁ። ሽማግሌው ከእኔ በኋላ ተፈትተው እቤታቸው አረፉ። ያ ሁሉ የተጨቃጨቁበት ርስት ከጥቂት ዓመት በኋላ መንግሥት ሲለወጥ በአዋጅ ቀረ፤ ማንም ለማንም አላካፈለም። አጎትየው ግን በየዓመቱ ከአውድማው አንድ አህያ ጭነት ጤፍ ወደ ሞጣ ይወስድ ነበር፤ ልጅቱም የተዳረችው ከእሱ ቤት ነው። ከአባቷ ሁለት ደብዳቤ መጣ። ሦስተኛ አልመጣም።

ዛሬ ስለ ስደተኞች መብት ሲነገር በሬድዮ እሰማለሁ። ወረቀት የሌለው ሰው ምን ምን እንደሚገባው በሚገባ ተጽፏል፤ ጥሩ ነው፤ እኔም ብዙ ጽፌያለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ግን መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ በር ጠባቂ ነው፤ ዘመድ ነው ብሎ የከፈተው በር።

ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ቢቸና ሄጄ ከልጅቱ ጋር ተገናኘን። ልጅቱ እላለሁ እንጂ የልጅ ልጅ አይታለች። ከዚያ ቀን በአእምሮዋ የቀረው በቅሎዋ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ያን ቀን ያየ ሰው ከእኔ በቀር ስላልቀረ ልትጠይቀኝ ስታስብ እንደኖረች አወቅሁ፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነበር።

«አባባ፣ እንዲያው አባቴን ሳየው ሮጬ ሄድሁለት?»

«ሮጥሽ እንጂ» አልኋት። «ልትጥዪው ነበር።»

እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ልጆቿ ግን የተማሩ ናቸው። ይህ ጽሑፍ እጃቸው ከገባ አደራ እላቸዋለሁ፤ ሁሉንም ያንብቡላት፣ ያቺን ቦታ ግን ይዝለሉልኝ።